እውነት ወይስ ተረት? «ካንሰር ቢላ ከነካው ይበተናል»

ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ላይ ጡቷ ውስጥ እብጠት ያገኘች ሴት ምክር አይቸግራትም። ለእናቷ ወይም ለታላቅ እህቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነገረችው ነገር ሳምንት ሳይሞላው ቡና ላይ ይደርሳል። ከሚመጣው ምክር ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ደግሞ ይኸኛው ነው፦ «በአላህ፣ በማርያም፣ ሐኪም ቢላ እንዳያስነካሽ! ካንሰር ካልነኩት ዝም ይላል፤ ከነኩት ይበተናል።» ወልድያ ቢሄዱ ይህንኑ ይሰማሉ፤ ግራናና ውርጌሳም እንዲሁ። እርስዎም ሰምተውታል፤ ምናልባት ለሌላ ሰው ተናግረውትም ይሆናል። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ሴትየዋን የሚወዷት፣ ሌሊት ቢጠሯቸው የሚነሡላት ናቸው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ የጠላት ምክር ቢሆን ማን ይሰማው ነበር?

እስቲ እንደ ጎረቤት ቁጭ ብለን እንነጋገርበት። አባባሉ ተረት ነው። ግን ከሜዳ የተነሣ ተረት አይደለም፤ ሰው በዓይኑ ካየው ነገር የተነሣ ነው። «እገሊት እኮ ጤነኛ ነበረች፤ ውኃ እየቀዳች፣ ገበያ እየወጣች፣ ልጆቿን እያበላች። ደሴ ሄዳ ተቀደደች፤ ዓመት ሳይሞላት አረፈች» ይባላል። በእግሯ መሄዷም እውነት ነው፤ ማረፏም እውነት ነው። ሐሰቱ ያለው የገደላት ቢላው ነው መባሉ ላይ ነው። ሴትየዋ ውኃ እየቀዳችም፣ ገበያ እየወጣችም ሳለች በሽታው በውስጧ ሩቅ ሄዶ ነበር።

በጣት የሚዳሰስ የጡት ዕጢ በአንድ ሌሊት አይበቅልም። አንድ ሳንቲ ሜትር በሚያህል ዕጢ ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርሱ ሕዋሳት እንደሚኖሩ ይገመታል፤ እዚህ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ዓመታት ይፈጅበታል። በእነዚህ ዓመታት ከሕዋሳቱ አንዳንዶቹ ከዕጢው እየተላቀቁ መጀመሪያ ወደ ብብት ንፍፊቶች፣ ሲከፋም በደም አድርገው ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አጥንት ይጓዛሉ። ለመንገዳቸው የሚሆነው ደም ሥር ሰውነት ውስጥ ስላለ ቢላ እንዲከፍትላቸው አይጠብቁም። የሀብሩ ገበሬ ይህን ነገር ከአቀንጭራ ያውቀዋል። አቀንጭራ ከመሬት ወጥቶ አበባውን ሲያሳይ የማሽላውን ሥር ሲጠባ ሰንብቷል፤ ዘሩን ካራገፈ በኋላ ቢነቅሉት ደግሞ ለከርሞ ይመለሳል። ታዲያ የነቀለውን ሰው «አንተ ነህ የበተንከው» የሚለው ገበሬ አለ? «ቀድሞ ባልዘገየህ» ነው የሚባለው።

ይህን የበሽታ ጉዞ የሚለኩበት ዘዴ ሐኪሞች አላቸው፤ ደረጃ ይሉታል። አሁን ዓለም የሚጠቀምበትን አሠራር መሠረቱን የጣለው ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፒየር ዴኑዋ ነው፤ ከ1943 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ዕጢው ምን ያህል ነው? የብብት ንፍፊቶች ተነክተዋል? ከዚያ አልፎ ሩቅ ወዳለ አካል ሄዷል? በግርድፉ ስንናገር ዕጢው ከ2 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠና ብብቷ ንጹሕ የሆነ ሴት ደረጃ 1 ላይ ናት። ዕጢው ከዚያ አልፎ እያደገ ከሆነ፣ ወይም በብብቷ ውስጥ ሲነኩት የሚንቀሳቀስ ንፍፊት ከተገኘ ብዙ ጊዜ ደረጃ 2 ነው። ቆዳውን ካቆሰለ፣ ደረት ላይ ከተጣበቀ፣ ወይም የብብት ንፍፊቶቹ ተያይዘው ካልተንቀሳቀሱ ደረጃ 3 ይባላል። ሳንባ፣ ጉበት፣ አጥንት ወይም ሌላ ሩቅ አካል ከደረሰ ደረጃ 4።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የታከሙ 1,070 የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ደረጃቸው ከታወቀ 644 ሴቶች ውስጥ በደረጃ 1 የመጡት 4 በመቶ ብቻ ናቸው። በደረጃ 2 የመጡት 25 በመቶ፣ በደረጃ 3 የመጡት 71 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ሴቶች ሰባ አንዱ ሆስፒታል የደረሱት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው ማለት ነው። የዕጢው መጠን ከመካከለኛዋ ሴት ላይ ሲለካ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ እርስዎ መርሳ ተቀምጠው ለሕክምና የሄዱ ሴቶችን ቢቆጥሩ፣ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ሲሄዱም ዘግይተው የሄዱ ናቸው። ከተመለሱ በኋላ የሆነውን ሁሉ «ቢላው ነው» ማለት እንዴት ቀላል እንደሆነ ይታይዎታል።

ጥናቱ ሌላም ነገር ይዟል፤ ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው ይሄኛው ነው። በደረጃ 1 እና 2 መጥተው ከታከሙት ሴቶች በሽታው ወደ ሌላ አካል ሳይዛመት አምስት ዓመት የመቆየት ዕድላቸው 72 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በደረጃ 3 የመጡት ደግሞ 33 በመቶ። የተከታተላቸው ሆስፒታል አንድ ነው። ካንሰርን የሚበትነው ቢላ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም እኩል በበተነ ነበር። ሁለቱን ወገኖች የለያያቸው ቢላው ከመምጣቱ በፊት የነበሩበት ደረጃ ነው። እንደውም ተረቱን የምትሰማ ሴት የምታደርገው ነገር ምን እንደሆነ ልብ ይበሉ፦ ከቢላ ልትሸሽ ስትል ከ72ቱ ወገን ወጥታ ወደ 33ቱ ወገን ትገባለች።

«እሺ፣ እንዲህ ከሆነ የዳኑትን ለምን አናያቸውም?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የተረቱ ዋና ጉልበትም እዚህ ያለ ይመስለኛል። የሞተች ሴት ሞቷ አይደበቅም። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሰዉ ከየቀበሌው ይመጣል፣ ቀብር ላይ «ምን ነክቷት ነው?» ሲባል «ተቀድዳ ነው» ይባላል። የዳነችውስ? የዳነችው ዝም ትላለች። ከጡት መያዣዋ ውስጥ ጨርቅ ወይም ጥጥ ጠቅልላ ታደርጋለች፣ ነጠላዋን ወይም ሻርፗን አጣፍታ ትለብሳለች፣ ደሴ ለምን እንደከረመች ሲጠይቋት «ጨጓራዬን ታምሜ» ትላለች። አልፈርድባትም። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻት፤ «ዘራቸው ውስጥ አለ» ተብሎ ልጇ እንዳትቀር ትሰጋለች። (ለነገሩ በውርስ የሚመጣው የጡት ካንሰር ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር ገደማ ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ለመላክ ያሰበ ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ደግ ነው።) ስለዚህ መንደሩ የሚቆጥረው ሬሳውን ብቻ ነው። በአንድ ወገን ምስክር ብቻ የሚፈርድ ዳኛ ምን ዓይነት ፍርድ ይሰጣል?

ለተረቱ ፍትሕ ልስጠው፤ አንድ ፍሬ እውነት አለው። ቀዶ ሕክምና ብቻውን በቂ ያልሆነበት፣ ወይም በቅጡ ያልተሠራበት ጊዜ አለ። በየከተማው የሚሆነውን ነገር ያስቡት። ሴትየዋ «እብጠት አለኝ» ብላ ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ትሄዳለች። «ቀላል ነው» ተብላ ዕጢው በማደንዘዣ ይወጣል፤ የወጣው ቁራጭ ለምርመራ ሳይላክ ይጣላል። ቁስሉ ይድናል፣ እሷም ትደሰታለች። ከወራት በኋላ በዚያው ጠባሳ አጠገብ ያብጣል፤ ብብቷም ይነካል። «ነካኩትና ተቆጣ» ይባላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ካንሰር የነበረው ነገር ካንሰር መሆኑ ሳይታወቅ፣ ዙሪያው ሳይጸዳ፣ ብብቷ ሳይታይ፣ መድኃኒት ሳይከተል ቀረ። ያን ቁራጭ አንድ የፓቶሎጂ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ቢያየው ኖሮ ታሪኩ በተለወጠ። እዚህ ላይ ወቀሳው ለቢላው ሳይሆን ቁራጩን ለጣለው ሰው ነው።

ሌላው ደግሞ በግማሽ የቆመ ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምናው ተሠራ፤ የኬሞ (የፀረ ካንሰር መድኃኒት) ቀጠሮ ተያዘ፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ አለቀ፣ ወይም አዝመራ ደረሰ፣ ወይም ጠጉሯ ሲረግፍ ደንግጣ ቀረች። በ2021 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ሲያጥለቀልቀው ደግሞ የወልድያም የደሴም ሆስፒታሎች ተዘርፈው ሥራ ያቆሙበት ወቅት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መድኃኒቷ የተቋረጠባት ሴት ቢላ ገደላት ትባል? በሐሜት መዝገብ ላይ ግን «ተቀድዳ ሞተች» ተብላ ትጻፋለች።

ተረቱ ታናሽ ወንድም አለው፦ «መርፌ ከነካውም ይቀሰቀሳል።» ሐኪሙ ናሙና ለመውሰድ ዕጢውን በቀጭን መርፌ ሲወጋው ጥቂት ደም ሊቋጥርና ቦታው ለቀናት ሊያብጥ፣ ሊጠቁርም ይችላል። ይህ እንደማንኛውም የመርፌ ቦታ ነው፤ ይጠፋል። ተረቱን የሚያጠነክረው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥበቃ ነው። በአገራችን የፓቶሎጂ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ናሙናው ከትንሽ ሆስፒታል ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተጉዞ ውጤቱ እስኪመለስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ዕጢው በእነዚህ ሳምንታት አርፎ አይቀመጥም። ውጤቱ ሲመጣ አድጎ ይገኛል፤ ሰውም «መርፌው አሳደገው» ይላል። ያሳደገው ጊዜው ነው። የጡት ናሙና መውሰድ የሴትን ዕድሜ እንደሚያሳጥር የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ናሙና ሳይወሰድ የሚታከም የጡት ካንሰርም የለም።

ይህ እምነት የእኛ ብቻ እንዳይመስልዎት። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሳንባና በደረት ክሊኒኮች የተጠየቁ 626 ሕሙማን ነበሩ፤ ከእነሱ 38 በመቶ የሚሆኑት በቀዶ ሕክምና ጊዜ አየር የነካው ካንሰር እንደሚዛመት ያምኑ ነበር። እኛ «ቢላ» የምንለውን እነሱ «አየር» ብለውታል እንጂ ፍርሃቱ አንድ ነው። ማሽኑም መድኃኒቱም በሞላበት አገር እንዲህ ከታመነ፣ የመርሳ ባልቴት ብታምነው ምን ይገርማል?

ወደ ሌላው ተረት ልለፍ፤ ይኸኛው ደግሞ ከተማ ቀመስ ሰዎችን ይይዛል። «እዚህ ምን መሣሪያ አለና? ደረጃው የሚታወቀው አዲስ አበባ ነው፤ ትልቁን ማሽን ካልገባሽበት ምንም አይታወቅም» ይላሉ። ከዚያ ገንዘብ እስኪጠራቀም፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ እስኪገኝ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ይጠበቃል። ከመርሳ አዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ነገሩ ለምን እንደሚከብድ ይገባኛል። ግን እውነቱ ይህ ነው፦ የደረጃው ትልቁ ክፍል የሚታወቀው በሐኪም እጅ ነው። ዕጢውን ይዳስሳል፣ በሜትር ይለካዋል፣ ሁለቱንም ብብት ይፈትሻል፣ ከአንገት አጥንት በላይ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ይነካል፣ ቆዳውን ያያል፦ የብርቱካን ልጣጭ መስሏል? ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል? ቆስሏል? ቀጥሎ የደረት ራጅ፣ የሆድ አልትራሳውንድና የደም ምርመራ ይታዘዛሉ። እነዚህ ደግሞ ወልድያና ደሴ ላይ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። አቅማቸው ውስን በሆኑ አገሮች ሥራው ባለው መሣሪያ እንዲጀመር፣ ከዚያም አቅም በፈቀደ መጠን ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ የሚመክሩ ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም ወጥተዋል፤ ራጅና አልትራሳውንድ ያለው ሆስፒታል «አልችልም» ብሎ እጁን እንዳያጣጥፍ።

ይልቅስ ብዙ ሰው የማይሰማውን ልንገርዎት። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. ለአባላቱ ባወጣው ምክር፣ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላሉና የመዛመት ምልክት ለሌላቸው የጡት ካንሰር ሕሙማን ሲቲ ስካንም፣ ፔት ስካንም፣ የአጥንት ስካንም አትዘዙ ብሏል። ማሽኑ በየሆስፒታሉ ባለበት አገር ማለት ነው። ምክንያቱ ለእነዚህ ሴቶች ማሽኑ የሚጨምረው ጥቅም ስለሌለ፣ እንዲያውም ባልሆነ ነገር አስደንግጦ ወደማያስፈልግ ምርመራ ሊወስዳቸው ስለሚችል ነው። ስለዚህ በደረጃ 1 ወይም 2 ላይ ያለች የሀብሩ ሴት ሲቲ ስካን አላገኘሁም ብላ ሕክምናዋን ማዘግየት የለባትም። አጥንቷን የሚያማት፣ የምታስል፣ ዓይኗ ቢጫ የሆነባት ከሆነች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ሐኪሙ ራሱ ይልካታል።

ማሽን ሳይሆን በእርግጥም የሚጎድለን ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ደብቄ ባልፍ ታማኝ አልሆንም። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካው የደረጃ አሠራር ከዕጢው መጠን በተጨማሪ የዕጢውን ጠባይ ይጠይቃል፦ በሆርሞን የሚያድግ ነው ወይስ አይደለም? ኸር ቱ የሚባለውስ ፕሮቲን በዝቶበታል? ይህ ምርመራ በአገራችን በየቦታው አይገኝም። የአሠራሩ አዘጋጆችም ይህን ስላወቁ፣ ምርመራው በማይገኝበት አገር በመጠን፣ በንፍፊትና በመዛመት ብቻ የሚወሰነው የድሮው ደረጃ አሁንም ይሠራል ብለው አስቀምጠውታል። የሆርሞኑ ምርመራ ከተገኘ ግን ትልቅ በር ይከፍታል። አገራችን ውስጥ በተደረገ ምርመራ ከመቶ ወደ 65 የሚሆኑት የጡት ካንሰሮች በሆርሞን የሚያድጉ ሆነው ተገኝተዋል። ለእነዚህ ሴቶች ታሞክሲፈን የሚባል፣ ቤት ተቀምጠው በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን አለ፤ ቢያንስ አምስት ዓመት ይወሰዳል። ከኬሞ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ ጠጉር አያረግፍም። ሴትየዋ ደህና ነኝ ብላ በሁለተኛው ዓመት ካቋረጠችው ግን በሽታው ሊመለስ ይችላል፤ ያኔም የሚወቀሰው ያው ቢላው ነው።

«ጡቷን ሙሉ በሙሉ ከቆረጡት አልቆላታል ማለት ነው» የሚባልም አለ። አይደለም። በርናርድ ፊሸር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የመሩትና በ1976 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጥናት ሴቶችን ሃያ ዓመት ተከታትሎ አረጋግጦታል፤ ዕጢው ብቻ ወጥቶ ጨረር የተሰጣትና ጡቷ ሙሉ የወጣላት ሴት በዕድሜ አይበላለጡም። ልዩነቱ ዕጢው ብቻ ከወጣ ጨረር የግድ መከተሉ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ጅማና ሐረር ቢጨመሩም ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ገና በደረጃ 1 ላይ ላለች ሴትም «ሙሉው ይውጣ» ሊል ይችላል። የጨረሩን መራቅ አይቶ የሰጠው ውሳኔ ነው እንጂ በሽታው ስለከፋ አይደለም።

ተቃራኒውም ይባላል፦ «ለመቅደድ እንኳ ፈሩት፤ ኬሞ ብቻ ሰጥተው መለሷት።» በደረጃ 3 ላይ ብዙ ጊዜ ኬሞ የሚቀድመው ዕጢው እንዲያንስና ቀዶ ሕክምናው እንዲሳካ ነው። መንገዱ ተገለበጠ እንጂ ተስፋ አልተቆረጠም። አደጋው ሴትየዋ ዕጢው ሲያንስላት «ተሻለኝ» ብላ ከቀዶ ሕክምናው የቀረች እንደሆነ ነው።

«ካላመመኝ ምን አለብኝ» የሚለውን በአጭሩ ልዝጋው፦ የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የሚያመው እብጠት ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። «ገና ወጣት ነኝ» የሚለውም አያዋጣም፤ በዚያው በጥቁር አንበሳ ጥናት የሴቶቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 ነበር፤ ከመካከላቸው የ20 ዓመት ልጅም ነበረች። የምታጠባ እናት ጡቷ ሲያብጥ «ምች ነው» ይባላል፤ ሊሆንም ይችላል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በሕክምና ካልጠፋ ግን መታየት አለበት።

ደረጃ 4 ሲባል ሰው የሚሰማው «ቤት ሂጂና ሙቺ» የሚል ነው። በደረጃ 4 ካንሰሩን ከሥሩ መንቀል አይቻልም፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ሕመሙን ማስታገስ፣ ቁስሉን መንከባከብ፣ በሆርሞን የሚያድግ ከሆነም በክኒን ዕድሜ ማርዘም ግን ይቻላል። ዓመታት የሚቆዩ ሴቶች አሉ። ለአንዲት እናት የልጇን ሠርግ የምታይበት ዓመት ትንሽ ነገር አይደለም።

ጠበልና ዱዓን በተመለከተ ወሎ ውስጥ ሆኖ ዝም ማለት አይቻልም። «መጀመሪያ ጠበሉን ልጨርስ» ወይም «ሸሁ ይዩልኝ» የምትል ሴትን የሚያፌዝባት ሐኪም ካለ ያጠፋው እሱ ነው። ጠበል የሚወስዳት ተስፋ ነው፤ ከቢላ የሚያሸሻት ፍርሃት ነው፤ ማንም ሰው ከፍርሃት ይልቅ ወደ ተስፋ ይሄዳል። ግን ሁለቱ መቼ ተጣሉ? ጠዋት ጠበል ተጠምቆ ከሰዓት ራጅ መነሣት ይቻላል። እየጸለዩ ከሕክምና ቅሩ የሚል ትእዛዝ በእምነቱ የለም። ቄሶችና ሸሆች ደግሞ በዚህ አካባቢ ከማንኛውም ሐኪም በላይ ይሰማሉ፤ «ልጄ፣ ታከሚም ጸልዪም» ያሉ ቀን በደረጃ 3 ልትመጣ የነበረች አንዲት ሴት በደረጃ 2 ትመጣለች ብል አላጋነንኩም።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. በጀመረው የጡት ካንሰር ዘመቻ ከመቶ ቢያንስ 60 ሴቶች በደረጃ 1 ወይም 2 እንዲገኙ፣ ሕክምና ቤት ከሄዱ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥም በሽታው ተለይቶ እንዲታወቅ አገሮችን ይጠይቃል። እኛ ጋ፣ በጥቁር አንበሳው ጥናት፣ 29 ነበሩ። ስልሳው ቀን የሆስፒታሉ ኃላፊነት ነው፤ ሆስፒታሉ ደጃፍ ድረስ ያለው ጊዜ ግን በእኛ እጅ ነው፤ በእናት፣ በባል፣ በጎረቤት፣ ቡና ላይ በሚወራው ወሬ።

ስለዚህ ጎረቤቴ፣ ጡቷ ወይም ብብቷ ላይ እብጠት ያገኘች፣ ከጡቷ ጫፍ ደም የሚወጣባት፣ ወይም የጡቷ ቆዳ የተሸበሸበባት ሴት ከነገረችዎት፣ ክረምት ይውጣ፣ አዝመራ ይግባ አይበሏት። መርሳ ካለው ጤና ተቋም ትጀምር፤ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ከላኳት ተከትለዋት ይሂዱ፤ ሪፈር ማለት ተስፋ መቁረጥ አይደለም። ከእሷ ጋር ሲገቡ ሐኪሙን «ደረጃው ስንት ነው? ቀጥሎ ምን ይደረጋል?» ብለው ይጠይቁ። የሚሰጣትን ወረቀት ሁሉ በአንድ ቦታ ያስቀምጡላት፤ የሚቀጥለው ሐኪም ይፈልገዋል። ዕጢ ከወጣላት ደግሞ ቁራጩ ለፓቶሎጂ ምርመራ መላኩን ሳያረጋግጡ ከዚያ ቤት አይውጡ።